ሌቱሊማ ኢያኮፖ ባለ አምስት ቀለሙን ሰላጣ በገዛ እጃቸው የሠሩበት ዘመን

በመዋዕለ ሌቱሊማ ኢያኮፖ፣ በተሾሙ በዐሥራ አራተኛው ዓመት፣ ይኸውም ታላቁ ማዕበል የፋጋሌሌን የአውቶቡስ መንገድ በበላ በአምስተኛው፣ የመንደሩም የራግቢ ቡድን በጎረቤት መንደር አርባ ለዜሮ በተረታ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ጥቅምት፣ ነጭ እሑድ የሚባለው የልጆች በዓል ሊውል ሁለት ቀን ሲቀረው የሆነውን ነገር፣ እኔ ታቪታ፣ አፈ መኰንን፣ የጭራቸው ተሸካሚና በጎናቸው ተቀማጭ፣ በዓይኔ ካየሁት ሳልጨምር፣ በምላሴ ከቀመስሁትም ሳልደብቅ እነሆ ጻፍሁ። ዝንቱ ውእቱ ዜና፤ ያነበበ ይደነቅ፣ የሰማም ለጎረቤቱ ያውራ።

ሌቱሊማ ማለት በሳቫዪ ደሴት፣ ጥቁሩ ድንጋይ ከባሕር በሚገናኝበት ዳርቻ፣ ርእሰ መኳንንት ዘፋጋሌሌ፣ ርቱዐ ፍርድ፣ ግሩመ ድምፅ፣ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሁለት መቶ ሰው ዝም የሚልላቸው፣ ዐሥራ ሰባት ጀልባ በአንድ ቃል ወደ ባሕር የሚያወጡና በአንድ ቃል የሚመልሱ ታላቅ ሰው ነበሩ። ነገር ግን፣ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ እውነት ይከሰኛልና፣ በስድሳ አንድ ዓመት ዕድሜያቸው ከተዘጋጀ ገበታ ካነሡት በቀር ለአፍ የሚሆን አንዳች ነገር በእጃቸው ሠርተው አያውቁም። በጎረምሳነታቸው እኩዮቻቸው ድንጋይ አግለው ጎደሬና አሳማ ሲጠብሱ፣ እሳቸው ገና በመጀመሪያው ቀን ቅንድባቸውን ስላቃጠሉ ከእሳት አጠገብ እንዳይደርሱ በእናታቸው ዐዋጅ ተከልክለው ነበር። ካገቡም በኋላ አንድ ቀን ባለቤታቸው ውሃ እንዲያፈሉ ትተዋቸው ቢሄዱ፣ ሲመለሱ ውሃው የለም፣ ማንቆርቆሪያውም ግማሹ የለም።

በዚያ ሰሞን ባለቤታቸው አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ ኦክላንድ ሄደው ነበር። በቤቱ የቀሩት መኰንኑና የልጅ ልጃቸው ሩታ ነበሩ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ እናትና አባቷ እዚያው ኦክላንድ ሥራ ላይ ስላሉ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በአያቶቿ እጅ አድጋለች። በመንደራችን ሌቱሊማን አንተ የሚሉ ሁለት ነፍሶች ብቻ ናቸው፤ አንደኛዋ ሩታ፣ ሁለተኛዋ ታላቅ እህታቸው፣ የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ሁሉ የሚፈራቸው፣ ወንድማቸው ግን ከሁሉ ይልቅ የሚፈሯቸው እመቤት ፉኣቲኖ ናቸው።

ወእምዝ በዕለተ ዐርብ፣ ልጆች ነጭ ለብሰው በበዓሉ በቃላቸው የሚሉትን ሊለማመዱ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተሰበሰቡ። በነጭ እሑድ ሥርዓታችን ልጅ ይቀመጣል፣ ዐዋቂ ያሳልፍለታል፤ አስቀድሞ ልጅ ይበላል፣ የተረፈውን ዐዋቂ ይቃመሳል። ስለዚህ የመጋቢው ባለቤት እንደ ልማዳቸው ልጆቹን ምን መብላት እንደሚፈልጉ እየዞሩ ይጠይቁ ጀመር።

“አንተስ የእኔ ጌታ?”

“አይስክሬም!”

“አንቺስ?”

“የዶሮ እግር። ሁለቱንም!”

ተራው ለሩታ ደረሰ። ሩታ የምትለው ቃል ስለ ቀስተ ደመና ነበርና፣ ባሏት አምስት ባለ ቀለም እርሳሶች የሣለችውን ቀስተ ደመና በእጇ ይዛ ነበር።

“የፍራፍሬ ሰላጣ” አለች።

“ጎሽ! እናቶች ይሠሩልሻል።”

“አይ፣ እናቶች አይደሉም። አባባ የሚሠራው። በእጁ።” ወረቀቱንም ከፍ አደረገች። “እንደዚህ ዓይነት። አምስቱም ያለበት።”

ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት በሳቅ ፍርፍር አለች፤ ከዚያ በኋላ ማን ሊያቆመው? የመጋቢው ባለቤት መጽሐፋቸውን ፊታቸው ላይ ጋረዱ። እመቤት ፉኣቲኖ ከሁሉ ይልቅ ስቀው “ልጄ፣ ሰባቱን ባሕር አሻግረኝ ብትዪው ይቀለው ነበር እኮ!” አሉ። ሩታ ግን አልሳቀችም፤ አያቷን ብቻ ታይ ነበር።

መኰንኑም ተነሡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ሳቁም እንደ ተቆረጠ ገመድ ወደቀ። እንዲህም ብለው ዐዋጅ አወጁ፦

“ስማ ፋጋሌሌ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ! እኔ ሌቱሊማ በነጭ እሑድ በምሳ ሰዓት፣ አምስት ቀለም ያለው የፍራፍሬ ሰላጣ በገዛ እጄ ሠርቼ ለአርባ ሦስቱ ልጆች በሙሉ አቀርባለሁ። ይህን ቃል ያጠፈ፣ እኔም ብሆን እንኳ፣ ከሸንጎ ይውጣ!”

እኔ አፈ መኰንን ነኝና ቃል ከአፍ ሲወጣ ክብደቱን አውቃለሁ። “እኔም ብሆን እንኳ” የምትለዋን ስሰማ ጭራው ከትከሻዬ ወደቀ።

ወበሳኒታ፣ በዕለተ ቅዳሜ ጠዋት፣ የመንደሩ ሸንጎ ለአስቸኳይ ጉዳይ ተጠራ። ዐሥራ ሁለት መኳንንት፣ እያንዳንዱ በየምሰሶው ተደግፎ፣ ግድግዳ በሌለው የስብሰባ ቤት ተቀመጠ፤ የሩታም ሥዕል በመካከል ተዘረጋ። ቀዩ ሐብሐብ እንደሆነ ያለ ክርክር ተወሰነ። ብርቱካንማው ፓፓያ፣ ቢጫው አናናስ ተባለ። አረንጓዴው ላይ ጥቂት ክርክር ተነሣ፤ ኋላ በትምህርት ቤቱ አጥር ያለው ማንጎ ገና ስላልበሰለ በጥሬው እንዲገባ በድምፅ ብልጫ ጸደቀ። ሰማያዊው ላይ ሲደረስ ግን ሸንጎው ደነዘዘ።

“ሰማያዊ ፍሬ አይቶ የሚያውቅ አለ?” ሲሉ ጠየቁ መኰንኑ።

“ሰማያዊ ዓሣ አውቃለሁ” አለ አንዱ ሽማግሌ።

“ዓሣ ፍሬ ነው እንዴ?”

“የባሕር ፍሬ ነዋ።”

እኔም ምክሬ በሸንጎ ከባድ ነውና ተነሥቼ፣ ከሱቁ ነጭ ልብስ የሚታጠብበት ሰማያዊ ዱቄት ተገዝቶ ሙዝ ቢነከርበት ብዬ ሐሳብ አቀረብሁ። እመቤት ፉኣቲኖ በዚያ ሲያልፉ ኖሮ ድምፃቸው ከውጭ ገባ፦

“ታቪታ! አንተ በመጀመሪያ ራስህን እጠብበት! የሰው ልጅ ልትጨርስ ነው?”

ስለዚህ የሸንጎው ውሳኔ እንዲህ ሆነ፦ አራቱ ቀለማት ይሰብሰቡ፤ የአምስተኛው ጉዳይ እግዚአብሔር እስኪያበራ ድረስ በቀጠሮ ይቆይ።

ወእምዝ ዘመቻው ተነሣ። ከፊት መኰንኑ ሽርጣቸውን አጥብቀው፣ ከእሳቸው ቀጥሎ እኔ ጭራውን በትከሻዬ ጥዬ፣ ከእኔ ቀጥሎ ጋሪ የሚገፉ ሁለት መኳንንት፣ ከእነሱም ቀጥሎ ስማቸው በዜና መዋዕል ሊጻፍ የማይገባ ሦስት ውሾችና ማንም ያልጠራት አንዲት አንካሳ ዶሮ ተከተሉ። ፓፓያው ከመኰንኑ ጓሮ በረጅም እንጨት ተወግቶ ወረደ፤ አንዱ በእኔ ትከሻ ላይ ስላረፈ ጥቂት ተጎዳ፣ ፓፓያው ማለቴ ነው። አናናስ መጋቢው ከአትክልታቸው ሰጡ። ጥሬው ማንጎ ተለቀመ። ሐብሐብ ግን በመላው ፋጋሌሌ ከአንድ ሰው በቀር ያለው አልነበረም፤ ያም ሰው ፔሌቲ ነበር፤ ጋሪው ወደ ፔሌቲ ደጅ በተመለሰ ጊዜ የመኰንኑ እርምጃ አጠረ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በነሐሴ ወር ከፔሌቲ እርሻ ዐሥራ አንድ ሐብሐብ በአንድ ሌሊት ተበልቶ፣ ፔሌቲም የሌቱሊማን ትልቁን አሳማ አፉ ቀልቶ ከእርሻው ሲወጣ አየሁ ብሎ ከሰሰ። ሸንጎው ተቀመጠ፣ በመንበሩም ሌቱሊማ ነበሩ። ፍርዱም “አፉ የቀላ አሳማ ሁሉ ሐብሐብ በልቷል ማለት አይቻልም” የሚል ሆነ። እኔ ራሴ ያን ፍርድ በታላቅ ድምፅ አንብቤዋለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፔሌቲ በመንገድ ሲያገኘን ባርኔጣውን ያነሣል እንጂ ቃል አይሰጠንም ነበር።

ፔሌቲ በአጥሩ ላይ ተደግፎ ጠበቀን።

“ደኅና ዋልክ ፔሌቲ።”

“ደኅና ዋሉ ጌታዬ። ምን እግር ጣለዎት?”

“እ... ሐብሐብ ፈልጌ ነበር።”

“ሐብሐብ?” ፔሌቲ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። “ሐብሐብማ ነሐሴ ላይ ነበረኝ። ግን ማን እንደበላው እስካሁን አልታወቀም። ሸንጎው እያጣራ ነው መሰለኝ።”

“ለልጆች ነው ፔሌቲ።”

“ሰምቻለሁ፤ ያልሰማ የለም። ሚስቴ በሳቅ ጎኗን ይዟት ተኝታለች። ስንት ይፈልጋሉ?”

“ሦስት።”

“ሦስት አለኝ። እንደ ሕፃን ራስ ሳይሆን እንደ እኔ ሆድ የሚያህሉ። ብር አልፈልግም። አንዲት አጭር ቃል ብቻ ይስጡኝ።”

“የምን ቃል?”

“እርስዎ ያውቋታል።”

ቃል የእኔ ድርሻ ነውና ወደፊት ራመድ ብዬ ጭራዬን አነሣሁ። ፔሌቲ ግን “አይ ታቪታ፣ አንተ አርፈህ ቁም። አንተ ከጀመርክ እስከ ሰኞ አታበቃም፤ ልጆቹ ነገ ነው የሚበሉት” አለኝ።

መኰንኑ ወደ ባሕሩ አዩ፣ ወደ ጋሪው አዩ፣ በመጨረሻም እንደ ሹክሹክታ ባለ ድምፅ “የበላው የእኔ አሳማ ነው” አሉ።

“አልሰማሁም። ነፋስ ነው።”

በዚያች ሰዓት የቀትሩ አውቶቡስ መጥቶ ከአጠገባችን ቆሞ ነበር፤ በመስኮቱም ሁሉ ራስ ወጥቶ ነበር። ሌቱሊማም ሁለት መቶ ሰው ዝም በሚያሰኘው ድምፃቸው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

“የበላው የእኔ አሳማ ነው! ዐሥራ አንዱንም! አፉንም ያጠብሁት እኔ ራሴ ነኝ!”

የመጨረሻዋን ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። ፔሌቲ ግን አልሳቀም፤ አጥሩን ከፈተና ከእርሻው ሦስት ሳይሆን አራት ሐብሐብ ተሸክሞ መጣ።

“ሐብሐቡማ ይበቅላል ጌታዬ” አለ፣ በጋሪው ላይ ቀስ አድርጎ እያኖረ። “እኔን የቆረጠኝ በዓይኔ ያየሁትን አላየህም መባሌ ነው።”

“ይቅር በለኝ” አሉ መኰንኑ። ይህንንም ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር ያሉት፤ በዚህ ጊዜ ግን ፔሌቲ ነፋስ ነው አላለም።

ከሰዓት በኋላ ፍራፍሬው ሁሉ በመኰንኑ ቤት ሲከመር ግማሽ ምሰሶ ደረሰ። ሌቱሊማም ክምሩን አይተው፣ እጃቸውንም አይተው፣ ወደ እህታቸው ዘንድ ሄዱ፤ እኔም ተከተልሁ። እመቤት ፉኣቲኖ ሰሌን ላይ ተቀምጠው ለሩታ የነገውን ነጭ ቀሚስ ይጠልፉ ነበር።

“እትዬ” አሉ መኰንኑ፣ “ሴቶቹ ይክተፉት፤ እኔ መጨረሻ ላይ ገብቼ በጭልፋ አማስለዋለሁ። እጄ ከነካው በእጄ ተሠራ ማለት አይደለም?”

“ይህን የመከረህ ታቪታ ነው?”

እኔ ነበርሁ።

“አምና በዚህ ቀን የት ነበርክ?” አሉ መርፌውን አቁመው።

“አፒያ፣ ፍርድ ቤት። ታውቂ የለ፣ የመሬቱ ክርክር።”

“ረታህ?”

“በቀጠሮ ላይ ነው።”

“እንግዲያው ስማኝ። አምና ልጆቹ ሁሉ ተቀምጠው እናትና አባታቸው ሲያሳልፉላቸው፣ ይቺ ልጅ ባዶ ሳህኗን በጭኗ ይዛ በሩን ታይ ነበር። እኔ ላውጣልሽ አልኳት። ‘አይ፣ አባባ ይመጣል’ አለችኝ። ጎረቤት ላውጣልሽ አላት። ‘አባባ ይመጣል።’ ሌላው በልቶ ተነሣ፣ ሰሌኑ ተጠቀለለ፣ እሷ ቁጭ እንዳለች ነበር። ማታ በጀልባ ስትደርስ ተኝታ አገኘሃት። በላች ወይ ብለህ እንኳ አልጠየቅከኝም።”

መኰንኑ በአጠገባቸው የነበረውን የሩታን ቀሚስ አንሥተው ጥልፉን አዩ፣ መልሰው አኖሩት። “ማነው ገጀራ የሚያውሰኝ?” ብለው ተነሡ።

“ገጀራ አይደለም፣ ቢላዋ!” አሉ እመቤት ፉኣቲኖ ከኋላቸው። “ፍራፍሬ ነው የሚከተፈው፤ ደን አይመነጠርም!”

በዕለተ እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ወንዶቹ በየጓሮው ድንጋይ እያጋሉ አሳማና ጎደሬ ሲቀብሩ፣ ጭሱም በመንደሩ ላይ እንደ ደመና ሲተኛ፣ ርእሰ መኳንንት ዘፋጋሌሌ በሰሌን ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ከጠላት ሠራዊት ፊት እንደሚቀመጥ ሰው ከፍራፍሬው ፊት ተቀመጡ። በግራ በቀኝ የሴቶች ማኅበር አባላት ማራገቢያቸውን ይዘው ተሰለፉ፤ ሊረዱ ሳይሆን ሊያዩ።

በመጀመሪያ ሐብሐቡ ላይ ዘመቱ። ቢላዋውን በሁለት እጃቸው ከራሳቸው በላይ አንሥተው በአንድ ምት ሐብሐቡንም ከሥሩ ያለውንም ጣውላ ለሁለት ከፈሉ።

“ጣውላውን አልጠየቀችም ልጅቷ!” ተባለ ከግራ።

“አምስተኛው ቀለም እንጨት ነው እንዴ?” ተባለ ከቀኝ።

መኰንኑ ግን እንዳልሰሙ ሆነው ቀጠሉ። አናናሱ ጋሻውን ለብሶ ጠበቃቸው፤ በእሾሁ ወጋቸው፣ እሳቸውም ወጉት፣ ከብዙ ትግል በኋላ ከትልቅ አናናስ አንድ ጭብጥ የምታህል ቢጫ ነገር ተረፈች፤ በሁለተኛው ላይ ሁለት ጭብጥ፣ በሦስተኛው ላይ ግማሽ አናናስ ሙሉ ዳነ፤ ሴቶቹም በዚያን ጊዜ ሳያስቡት አጨበጨቡ። ፓፓያው ገር ነበር፤ ተገዛላቸው። ቁራጮቹ እኩል ነበሩ ብዬ አልዋሽም፤ ከፊሉ የጥፍር ያህል፣ ከፊሉ የሕፃን ጫማ ያህል ነበር። ከመኰንኑም ጣቶች ሦስቱ ቆሰሉ፤ እመቤት ፉኣቲኖ አንዳች ሳይናገሩ ከቀሚሱ የተረፈውን ነጭ ጨርቅ ቀድደው አሰሩላቸው፣ ሎሚም ጨምቀው ሰጧቸው፤ ፍራፍሬው እንዳይጠቁር ነበር እንጂ ለቁስሉ አልነበረም፤ መኰንኑ ግን ይህን ከመረዳታቸው በፊት በቁስላቸው ላይ አፈሰሱት፣ ጩኸታቸውንም በጓሮ ያሉት ወንዶች ሰምተው አሳማው ከድንጋዩ ሥር የወጣ መሰላቸው።

አረንጓዴው ማንጎ ከተከተፈ በኋላ እንድቀምስ ታዘዝሁ። ቀመስሁ። ዓይኔ ተጨፈነ፣ ጆሮዬ ጮኸ፣ የአያቴን ፊት በሩቅ አየሁ።

“እንዴት ነው?” አሉ መኰንኑ በጉጉት።

“ጌታዬ” አልሁ፣ “በእውነት አረንጓዴ ነው።”

ሁለት ኩባያ ስኳርና የሦስት ኮኮናት ወተት ተጨመረበት። አሁን ዕቃ ጠፋ። መኰንኑ ሸንጎው ካቫ የሚባለውን የሥር መጠጥ የሚጠጣበትን ባለ ብዙ እግር የእንጨት ገበታ ይምጣ ቢሉ፣ እህታቸው “አባቶቻችን የጠጡበት ላይ ፓፓያ? ከሳቅሁብህ ይልቅ እንዳላለቅስብህ!” ብለው ከለከሉ። ለአርባ ሦስት ልጅ የሚበቃ ሌላ ዕቃ በቤቱ አልነበረም፣ እመቤት ፉኣቲኖ ለልብስ ከገዙት ገና ውሃ ካልነካው ትልቅ የፕላስቲክ ሳፋ በቀር። “የልብስ ሳፋ ነው እንዳይሉን” ብለውም ውጭውን ለሠርግ በሚወጣው፣ ከዛፍ ቅርፊት በተሠራው ጨርቅ ጠቀለሉት፣ አፉንም ዙሪያውን በሙዝ ቅጠል ሸፈኑት። ሳፋው እስከ አፉ ሞላ፤ ከአሳማዎችም ይጠበቅ ዘንድ በገመድ ከጣሪያው ተሰቀለ። የመኰንኑ ትልቁ አሳማ መጥቶ ከሥሩ ተጋደመ፣ ወደ ላይም እያየ ቀረ፤ እኛም ለብሰን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን።

በቤተ ክርስቲያን ልጆቹ በየተራ ወጥተው ቃላቸውን አሉ። ሩታም ወጣች፤ ቀሚሷ ነጭ፣ በፀጉሯ ነጭ አበባ። አፏን ከፈተች፣ ምንም አልወጣም። መጋቢው የመጀመሪያዋን ቃል በሹክሹክታ ወረወሩላት፤ አላነሣችውም። የቀሚሷን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልል ጀመር። ሁለት መቶ ሰው ዝም የሚያሰኙት ሌቱሊማ አንዲት ልጅ ማናገር አቃታቸው፤ ከፊት ወንበር ሆነው የሚያደርጉት ቢጠፋቸው አይዞሽ ለማለት እጃቸውን ከፍ አደረጉ። ሩታም ሦስቱን በነጭ ጨርቅ የተጠቀለሉ ወፋፍራም ጣቶች አየች። በመጀመሪያ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ቀጥሎ አፏን በእጇ ያዘች፣ ከዚያ በሕዝቡ ሁሉ ፊት ከት ብላ ሳቀች፤ ከሳቁም በኋላ ስለ ቀስተ ደመናው ያለውን ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ሳታስቀር አለችው።

ወእምዝ ሰዓተ ምሳ ሆነ። አርባ ሦስቱ ልጆች በሰሌን ላይ በረድፍ ተቀመጡ፤ እናትና አባት፣ አጎትና አክስት ሳህን ይዘው ይሯሯጡ ጀመር። ሌቱሊማ ኢያኮፖ ሳፋውን በሁለት ክንዳቸው አቅፈው፣ ነጭ ኮታቸው ላይ ጭማቂ እየተንጠባጠበ፣ ሣሩን አቋርጠው መጡ፤ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው። በሩታ ፊት ሲደርሱ ሳፋውን አኖሩ፣ ራሳቸውም ከእሷ ዝቅ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ሩታ ጎንበስ ብላ አየች። በጣቷም ቈጠረች።

“ቀይ። ብርቱካንማ። ቢጫ። አረንጓዴ።” ቀና አለች። “ሰማያዊውስ?”

በሸንጎ በቀጠሮ ያቆየነው ጉዳይ ቀኑ ደረሰ። መኳንንቱ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ የይቅርታ ንግግር ልጀምር ጭራዬን ሳነሣ እመቤት ፉኣቲኖ ሽርጤን ከኋላ ይዘው አስቀመጡኝ። ሌቱሊማ ወደ ሳፋው አዩ፤ ላባቸው በግንባራቸው ወረደ፤ የሙዝ ቅጠሉን ጫፍ በታሰረ ጣታቸው ጥቂት ገለጥ አድርገው መለሱት።

“ከታች ነው” አሉ።

“ከታች?”

“ሰማያዊ ዓይናፋር ነው። ሌሎቹ ካልሄዱለት አይወጣም።”

“እውነትህን ነው አባባ?”

“ቃሌ ነው።”

የመጀመሪያውን ሳህን በገዛ እጃቸው አውጥተው ሰጧት። ሩታ ከሁሉ አስቀድማ አረንጓዴውን ጎረሰች። ፊቷ እንደ ተጨመቀ ሎሚ ተሰበሰበ። መኰንኑ እንደ ተከሳሽ ጎንበስ አሉ።

“ይጎመዝዛል” አለች።

ዋጠችው። ሌላ ጎረሰች። ሳህኗንም ጨርሳ ዘረጋች።

“ጨምርልኝ።”

ከዚያ በኋላ ማን ይከልክላቸው? አርባ ሦስቱ ልጆች አይስክሬሙን ትተው፣ የዶሮ እግሩን ትተው፣ ሳፋውን ከበቡት። ጎመዘዛቸው፣ ፊታቸውን አጨማደዱ፣ ደገሙ። “ታየኝ!” ይላል አንዱ፤ “አልታየህም፣ ውሸታም፣ ገና ፓፓያው አለ!” ይላል ሌላው። መኰንኑ ሳህን ሲቀበሉ ሳህን ሲሰጡ ኮታቸውን አውልቀው ጣሉ። በመጨረሻም ሩታ አንዲቱን የሐብሐብ ቁራጭ በጣቷ ገፋ ስታደርግ፣ ከጭማቂው ሥር የሳፋው ወለል እንደ ጥልቅ ባሕር ብልጭ አለ።

“ሰማያዊ! ሰማያዊ!”

“ሳፋው ነዋ!” አለ አንድ ትልቅ ልጅ።

“ቢሆንስ?” አለች ሩታ። “ሰማያዊ ነው።”

ሸንጎውም በዚያው በቆመበት ጉዳዩን ዘጋ።

ለዐዋቂዎች አንዲት ቁራጭ አልተረፈችም። ሌቱሊማ የሠሩትን እንዳልቀመሱ ትዝ ብሏቸው ከሳፋው የቀረውን ጭማቂ በሁለት እጃቸው አንሥተው ጠጡ፤ ፊታቸውም ከልጆቹ ሁሉ ይልቅ ተጨማደደ። “ይህን ነው የበሉት?” አሉኝ በጆሮዬ። “ይህንኑ ነው ጌታዬ” አልሁ። ፔሌቲ ከወዲያ ሆኖ ባርኔጣውን አነሣላቸው፣ “ሐብሐቡ ግን ጥሩ ነበር!” ብሎም ጮኸ።

ያን ጊዜ እመቤት ፉኣቲኖ፣ ወንድማቸውን በስድሳ አንድ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ በሕዝብ ፊት አመስግነው የማያውቁት፣ ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዐዋጃቸውም ይህ ነበር፦

“የሴቶች ማኅበር ወስኗል። ከዛሬ ጀምሮ የነጭ እሑድን ሰላጣ ሌላ ሰው እንዳይነካ። ሥራው የኢያኮፖ ነው፤ ዕድሜው እስኪያልቅ ድረስ። ሳፋውንም ዛሬውኑ ይጠብ!”

መኰንኑ ይህን ሹመት ሲቀበሉ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ከደስታ ይሁን ከማንጎው እስከ ዛሬ አልተለየም። ከዚያም ርእሰ መኳንንት ዘፋጋሌሌ፣ አናናስን ድል አድራጊ፣ ሐብሐብንና ጣውላን ሰንጣቂ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ወደ ቧንቧው ሄዱ፤ ሩታም ሳሙናውን ይዛ ተከተለቻቸው።

ከእሳቸው አስቀድሞ የነበሩ መኳንንት ጀልባ ሠሩ፣ ባሕር ተሻገሩ፣ ወሰን አስከበሩ፤ ስማቸውም በሸንጎ ሲጠራ ይኖራል። ሌቱሊማ ኢያኮፖ ግን፣ ክብር ለታሰሩት ጣቶቻቸው ይሁንና፣ በአንድ ቀን አርባ ሦስት ልጆችን ያጎመዘዙ፣ አርባ ሦስቱም በአንድ ድምፅ ጨምርልን ያሏቸው፣ በደሴቲቱ ሁሉ ከእሳቸው በቀር ማን አለ? ይህን የጻፍሁ እኔ ታቪታ ነኝ፤ ማንም አንድ ጉርሻ እንኳ ሳያስቀርልኝ።